ቺፕ የተተከለለት ዓይን የሰው ፊት ይለያል ወይ?

«ማየት ተስኖት የነበረ ሰው ዓይኑ ውስጥ ቺፕ ተተክሎለት ማየት ጀመረ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ከአንባቢ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «ታዲያ አሁን የልጆቹን ፊት ያያል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ዜናው ውስጥ የለም። አጭሩን ልንገራችሁ። እስካሁን ሰው ላይ ከተተከሉት መሣሪያዎች ውስጥ «ይሄ እገሌ ነው» ብሎ በፊት ብቻ ሰውን በአስተማማኝ ሁኔታ ለመለየት የሚያበቃ የለም። ረጅሙ መልስ ግን የበለጠ ይጥማል፤ ችግሩ ያለው ብዙዎቻችን የምንገምተው ቦታ ላይ አይደለምና።

መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ እንይ። ብርሃን ወደ ዓይናችን ሲገባ የሚያርፈው ሬቲና በሚባለው፣ ከዓይን ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። እዚያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ። የተቀበሉትን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀይሩታል። ምልክቱ እዚያው ሬቲና ውስጥ ተጣርቶ፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ባሉት ነርቭ ወደ አንጎል ይጓዛል። አንዳንድ በሽታዎች ታዲያ ብርሃን ተቀባዮቹን ይገድሉና ከእነሱ ቀጥሎ ያለውን መስመር በአብዛኛው ይተዉታል። በዘር የሚተላለፈው ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ እንዲህ ነው። በዕድሜ የሚመጣው የሬቲና መሃል መጎዳትም እንዲሁ። የፈጠራው ሐሳብ ከዚህ ይነሳል፦ የሞቱትን ሴሎች ዘሎ የተረፉትን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ። ኤሌክትሪኩ በነካው ቦታ ልክ ሰውየው የብርሃን ነጥብ ይታየዋል። ባለሙያዎቹ ይህን ነጥብ ፎስፊን ይሉታል።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። ኦትፍሪድ ፎርስተር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአንጎልን የኋላ ክፍል በኤሌክትሪክ ሲነካ ታካሚው ብርሃን እንደሚታየው የጻፈው በ1929 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1968 ደግሞ ጃይልስ ብሪንድሊ እና ዋልፖል ሌዊን እንግሊዝ አገር ውስጥ 80 ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ የሚያደርሱ ጥቃቅን ጫፎች) አንዲት ዓይነ ስውር ሴት አንጎል ላይ አኑረው፣ ነጥብ ነጥብ የሆነ ብርሃን እንዳየች ዘገቡ። ያኔ ብዙ ሰው የመሰለው መንገዱ ከተከፈተ የነጥቡን ቁጥር ማብዛት ብቻ እንደሚቀር ነበር።

ቁጥሩን እናስላው

በገበያ ላይ ውሎ በብዛት የተተከለው የሬቲና መሣሪያ አርገስ 2 ነው። ሰከንድ ሳይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ሲሆን አውሮፓ ውስጥ በ2011፣ አሜሪካ ውስጥ በ2013 ፈቃድ አገኘ። መነጽር ላይ ካሜራ አለ። ካሜራው የሚያነሳው ምስል ወደ 60 ነጥቦች ተጨፍልቆ ሬቲና ላይ ወደተለጠፉት 60 ኤሌክትሮዶች ይላካል፤ 6 በ10 ተደርድረዋል።

አሁን ፊት እናምጣ። የአዋቂ ሰው ፊት ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። አንድ ሜትር ርቀት ላይ ሲቆም ከዕይታችን 8 ተኩል ዲግሪ በ13 ዲግሪ ይይዛል። አርገስ 2 ላይ በሁለት ጎረቤት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለው ርቀት 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ፊቱ የሚደርሱት ነጥቦች 30 አይሞሉም። ሰውየው አንድ ሜትር ወደ ኋላ ካለ 6 ወይም 7 ይቀራሉ። በ7 ነጥብ እናቱን የሚለይ ሰው ካለ ድምፅዋን ሰምቶ ነው።

ይህ ማለት መሣሪያው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ተጠቃሚዎቹ በሩ የቱ ጋ እንደሆነ፣ መስኮቱ ወዴት እንዳለ፣ ፊት ለፊታቸው አንድ ነገር እንዳለ ያውቁበት ነበር። ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ለኖረ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ፊት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አዲሱ መሣሪያ ፕሪማ ይባላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዳንኤል ፓላንከር ሥራ ሲሆን፣ ፒክሲየም ቪዥን በተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ተሞክሮ አሁን ሳይንስ ኮርፖሬሽን በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እጅ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር በሁለት ሚሊ ሜትር የሆነች ቺፕ ናት፤ ውፍረቷ ከፀጉር ያንሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። 378 ፒክስሎች፣ ማለትም የምስሉን አንድ አንድ ነጥብ የሚሠሩ ክፍሎች፣ አሏት። ገመድ የላትም። መነጽሩ ምስሉን በማይታይ ብርሃን (በቅርብ ኢንፍራሬድ) ወደ ዓይን ይወረውራል፤ እያንዳንዷ ፒክስል ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይራ ከጎኗ ያሉትን ሴሎች ትቀሰቅሳለች። በ2025 የታተመው የሙከራ ውጤት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ለአንድ ዓመት ከተከታተሉት 32 ሕሙማን ውስጥ 26ቱ የማየት አቅማቸው ትርጉም ባለው ደረጃ ተሻሽሏል። ፊደልና ቃል ያነበቡም ብዙ ናቸው።

በዚህኛውም ስሌቱን እንሥራ። ሁለት ሚሊ ሜትር ሬቲና ላይ ከዕይታ 7 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ፊት እዚያ ውስጥ ይገባል፤ የሚደርሱት ፒክስሎች 12 በ19፣ በጠቅላላው ከ200 በላይ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ግራ የሚያጋባው። ሊዮን ሃርመን የተባለው የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪ በ1973 የአብርሃም ሊንከንን ፎቶ ወደ 250 ገደማ ግራጫ ካሬዎች ቀይሮ አሳትሞ ነበር። ቀረብ ብለው ሲያዩት የካሬ ክምር ነው። ራቅ ሲሉ ወይም ዓይን ጨፈን ሲያደርጉ ግን ሊንከን ቁጭ ይላል። እንግዲህ 250 ካሬ ለሊንከን ከበቃ፣ ከ200 በላይ ፒክስል ያለው ሰው ለምን ፊት አይለይም?

ነጥቡ የስልክ ስክሪን ነጥብ አይደለም

አንደኛው ምክንያት ኢንተርኔት ላይ «ቺፕ የተተከለለት ሰው ዓለምን እንዲህ ያያል» እየተባሉ የሚለቀቁት ነጥብ ነጥብ ምስሎች ስለሚያሞኙን ነው። በምስሎቹ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ክብ ነው፣ በቦታው ይቆማል፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ግራጫ ሁሉ ያሳያል። በእውነተኛው ዓይን ውስጥ እንዲህ የለም።

የአርገስ 2 ተጠቃሚዎች ያዩትን እንዲስሉ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሣሉት ክብ ነጥብ ሳይሆን ረዘም ያለ ሰረዝ ነበር። ማይክል በየለር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ምክንያቱን አሳይተዋል። ኤሌክትሪኩ ከሥሩ ያለውን ሴል ብቻ ሳይሆን በላዩ የሚያልፉትን የነርቭ ክሮችም ይነካል። ክሩ ከሩቅ የመጣ ስለሆነ አንጎል ብርሃኑን በክሩ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ያየዋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኤሌክትሮዶች አንድ ላይ ሲነቁም አንዳንዴ ሁለት ነጥብ አይታይም፤ አንድ ትልቅ ጭጋግ ይታያል። ነጥቡ ደግሞ አይቆይም። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ብርሃኑ በሰከንዶች ውስጥ ይደበዝዛል።

በዚህ ላይ ዓይን አለ። የአርገስ ካሜራ መነጽር ላይ ስለሆነ የሚከተለው ጭንቅላትን ነው። ዓይን ወደ ግራ ዞር ቢል ካሜራው አይዞርም፤ አንጎል ግን ነጥቦቹን ወደ ግራ ያስጠጋቸዋል። ስለዚህ ተጠቃሚዎቹ ዓይናቸውን ማንቀሳቀስ ትተው በጭንቅላታቸው መቃኘት መልመድ ነበረባቸው። እኛ ፊት ስናይ ሳናስበው ዓይናችን ከዓይን ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ዓይን ይመላለሳል። ያንን በአንገት ሥሩት ብትባሉ ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት። ፕሪማ በዚህ በኩል ይሻላል። ምስሉ ዓይን ውስጥ ስለሚጣል ዓይን በተፈጥሮው ዞር ዞር ማለት ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የግራጫው መጉደል ነው። ለንባብ ጥቁርና ነጭ ይበቃል። ፊደል እኮ በሰው የተሠራ ነው፤ እርስ በርሱ እንዲለያይ ተብሎ የተቀረጸ፣ ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው፣ ሲያዩት የማይንቀሳቀስ። ፊት ተቃራኒው ነው። ሁላችንም ሁለት ዓይን፣ ከሥር አፍንጫ፣ ከሥር አፍ አለን። ልዩነታችን ሚሊ ሜትሮችና የጥላ ድርብርቦች ናቸው። ጉንጭ የት ጋ እንደሚጎብጥ የሚነግረን ጥላ ነው። ጥላውን ወደ ጥቁርና ነጭ ካጠፋነው ፊቱም አብሮ ይጠፋል። ፎቶን ገልብጠን ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ ብናደርገው ጠርዞቹ በሙሉ በቦታቸው ናቸው፤ ግን የምናውቀውን ሰው እንኳ መለየት እንቸገራለን። ፓላንከር ራሱ ሲናገር ሕሙማኑ ከንባብ ቀጥሎ በጣም የሚሹት ፊት መለየትን እንደሆነና ለዚህም ግራጫ እንደሚያስፈልግ ገልጿል።

ሦስተኛውን ምክንያት እኔ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ሊንከን እኮ ጺም አለው። ፀጉሩ፣ ጺሙ፣ የፊቱ ቅርጽ፣ ሁሉም የታወቀ ነው። ፎቶውን ያየ ሰው በእርግጥ ፊቱን አየ ወይስ ጺሙን?

ፈተናው ራሱ ሲፈተን

ይህ ቀልድ አይደለም። ቺፕ የተተከለላቸው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ጥናቱ በአብዛኛው የሚደረገው ዓይናቸው ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ነው። የነጥብ ምስል ያሳዩዋቸውና «ይሄ ማነው?» ይሏቸዋል። በ2003 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ባሳተሙት እንዲህ ያለ ጥናት ሻካራ ነጥቦችም ቢሆኑ ፊትን በአስተማማኝ ለመለየት ያስችላሉ የሚል ተስፋ ሰጪ ድምዳሜ ላይ ደርሰው ነበር።

በ2017 ጄሲካ አይረንስ፣ ኤሊኖር መኮንና ባልደረቦቻቸው አውስትራሊያ ውስጥ ጉዳዩን እንደገና አነሱት። የቀድሞዎቹ ፈተናዎች ፀጉርን፣ መነጽርን፣ ዕድሜንና ፆታን ሳይሸፍኑ ያሳዩ እንደነበር ታዘቡ። አንድ ወጣት ወንድና አንዲት አሮጊት ቀርበው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ፊት መለየት አይባልም። ስለዚህ የሚመሳሰሉ ወጣት ወንዶችን አምጥተው ፀጉራቸውን ሸፈኑና ጠየቁ። ውጤቱ ዝቅ አለ። 40 በ40፣ ማለትም 1600 ነጥብ በሙሉ እየሠራ እንኳ ሰዎቹ ከዝም ብሎ መገመት ቢሻሉም ደህና አልለዩም። 1600 ማለት ከፕሪማ አራት እጥፍ በላይ ነው። ቁጥር ማብዛት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

እነዚሁ ሰዎች ያመጡት መፍትሔ ደግሞ ደስ ይላል፦ ካሪካቸር። ኮምፒውተሩ ፊቱን ከአማካይ ፊት ጋር ያነጻጽርና ልዩነቱን ያጋንነዋል። አፍንጫው ትንሽ ረዘም ያለ ከሆነ በጣም ያስረዝመዋል፤ ዓይኖቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ያጣብቃቸዋል። የተጋነነው ፊት በነጥብ ሲታይ ከዋናው ይልቅ በቀላሉ ተለየ። 32 በ32 ሆኖ ከነጥቦቹ 30 በመቶው ባይሠሩ እንኳ ጥቅሙ ታየ። እርግጥ ይህም የተሞከረው ጤነኛ ዓይን ባላቸው ሰዎች ነው።

የትኛውን የፊት ክፍል ማጉላት ይሻላል ለሚለውም ፍንጭ አለ። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በ2003 ከታዋቂ ሰዎች ፎቶ ላይ አንዴ ዓይኖቹን፣ አንዴ ቅንድቦቹን አጥፍተው ሰው እንዲለይ ጠየቁ። ቅንድብ ሲጠፋ ነው ሰዎች የበለጠ የተቸገሩት። ሲያስቡት ይገባል። ቅንድብ ጥቁር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ ስሜትንም ይዞ ይነሳል ይወርዳል። በጥቂት ነጥቦች የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስቀምጠው እሱን መሆን አለበት።

«ለምን በቀጥታ አንጎሉን አይነኩትም?»

አንጎል ውስጥ ፊት ሲታይ በተለየ ሁኔታ የሚነቃ ቦታ አለ። የአንጎል ተመራማሪዋ ናንሲ ካንዊሸር በ1997 በደንብ ገልጻዋለች። ታዲያ ኤሌክትሮዱን እዚያ ብናስቀምጠውስ? ሞካሪ አልጠፋም፤ ዓላማው ሌላ ቢሆንም። በ2012 ጆሴፍ ፓርቪዚና ባልደረቦቹ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ኤሌክትሮድ የተተከለለትን ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው በዚያ ቦታ ላይ ነኩት። ሰውየው የሐኪሙ ፊት ዓይኑ እያየ ተለወጠበት፤ ሌላ ሰው ሆኑብኝ አለ። ያዩት ነገር ድንቅ ነው። ግን ኤሌክትሪኩ ያለውን ፊት ማዛባት እንጂ የተፈለገውን ፊት መሳል አልቻለም። የእናቴን ፊት አምጣ ተብሎ የሚታዘዝ ኤሌክትሮድ የለም።

ምስል መጀመሪያ የሚደርስበትን የአንጎል ክፍል መንካት የተሻለ ሄዷል። በ2020 በሂዩስተን የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮዶቹን ሁሉ አንድ ላይ ከማብራት ይልቅ በተርታ አስነሷቸው፤ መዳፍ ላይ በጣት ፊደል እንደሚጻፍ ማለት ነው። ተሳታፊዎቹ ፊደሉን ለዩት። ለፊደል ግሩም ዘዴ ነው። ለፊት ግን መስመር ብቻውን እንደማይበቃ ከላይ አይተናል። ፈገግታን ወይም የተቋጠረ ቅንድብን በሦስት መስመር መሳል ይቻል ይሆናል፤ ማንነትን ግን አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። ፊት መለየት ልምድ ይፈልጋል። አሜሪካዊው ማይክ ሜይ በ3 ዓመቱ ዓይኑን አጥቶ በ2000 በቀዶ ሕክምና አንዱ ዓይኑ ተመለሰለት። ይሄ ቺፕ አይደለም፤ የራሱ ዓይን፣ የራሱ ሬቲና ነው። እንቅስቃሴና ቀለም ወዲያው ገቡት። ያጠኑት ሳይንቲስቶች በ2003 እንደጻፉት ግን ፊት መለየትና ስሜትን ከፊት ማንበብ በጣም ከብዶት ቀረ። ዛሬ የሬቲና ቺፕ የሚተከለው ቀድሞ አይተው ለሚያውቁ ሰዎች መሆኑ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እነሱ የፊት ትዝታ አላቸው።

ስሙን ማሽኑ ከነገረን ምን ቸገረን?

ካሜራው መነጽር ላይ አለ። ኮምፒውተር ፊት መለየት ከቻለ ቆይቷል። የማይክሮሶፍት ሲይንግ ኤአይ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ቀድሞ የተመዘገበን ሰው አይቶ ስሙን በድምፅ ይናገራል። ቀዶ ሕክምና የለ፣ ምን የለ። «ታዲያ በ378 ነጥብ መከራ ማየት ለምን?» ያለ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ለስም ከሆነ በጆሮ መስማቱ ይቀላል፤ እኔም ያንን እመርጣለሁ። ግን ከፊት የምንፈልገው ስም ብቻ አይደለም። እያወራሁ ያዳምጠኛል? ወደ እኔ ነው የዞረው ወይስ ወደ ጎረቤቱ? ሊናገር ነው? ይህ ሁሉ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። በድምፅ ይነገር ቢባል ጨዋታው ሁሉ በማሽኑ ወሬ ይሞላል። ለዚህ ጥቂት ነጥብ ይሻላል፤ ሰው መኖሩንና ወዴት እንደዞረ ለማወቅ ጥቂት ነጥብ ይበቃልና። በ2001 በታተመ ዘዴ የሚሠሩ የካሜራ ሶፍትዌሮች ፊት ያለበትን ቦታ የሚያገኙት እንዲህ ባሉ በጣም ቀላል ምልክቶች ነበር፦ የዓይን አካባቢ ከጉንጭ ይጨልማል። እንዲህ ያለ ሻካራ ልዩነት በዝቅተኛ ጥራትም ይተርፋል።

አሳሳቢው ሶፍትዌሩ በምስሉ ላይ እጁን ሲያስገባ ነው። ፊት ፈልጎ ማጉላት፣ ዳራውን ማጥፋት፣ ቅንድቡን ማጥቆር፣ ይሄ ሁሉ ደህና። ልዩነቱን ማጋነንም እሺ። ግን ማሽኑ «ሰውየው ፈገግ ያለ ይመስለኛል» ብሎ የፈገግታ መስመር ቢስልስ? ስሙን ተሳስቶ ቢናገር ሰው «ማሽኑ ተሳሳተ» ይላል። የተሳሳተ ፈገግታ ቢስል ግን ተጠቃሚው «ፈገግ ሲል አየሁት» ነው የሚለው። በእኔ እምነት ተጠቃሚው ይህን ዓይነቱን ማስተካከያ በአንድ ቁልፍ ማጥፋት መቻል አለበት። የሚታየው ሰውም መብት አለው፤ ፊቱ ሳይጠየቅ መዝገብ ውስጥ መግባት የለበትም።

አሁን የስታንፎርዱ ቡድን ሁለት ነገር ላይ ነው። አንዱ ግራጫን የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር ነው። ሌላው የፒክስሉን መጠን ከ100 ወደ 20 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ማውረድ ነው፤ ያ ከሆነ በዚያችው ቺፕ ላይ እስከ 10,000 ፒክስል ይገባል። አይጥ ላይ ተሞክሯል። ሰው ላይ ሲደርስ ዜናው መውጣቱ አይቀርም። ያኔ ሦስት ነገር ጠይቁ። የተፈተኑት ቺፕ ያላቸው ናቸው ወይስ ጤነኛ ዓይን ያላቸው? ከስንት ፊቶች መካከል ነው የለዩት? ፀጉሩስ ተሸፍኖ ነበር?